የሙሉእመቤት አምስት ከአምስት

ሙሉእመቤትን የማያውቅ ሰው ቡኮቶ ሰፈር አልኖረም ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ቀሚስ ስታስተካክል ትውልና የራሷ ጠርዙ ተተርትሮ ይታያል። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት፣ ካምፓላ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲያዛምድ፣ እሷ ኤልዳናን ተረከበች፤ እኔም ሌላ ልጅ ያዝኩ። ስማችን «አማካሪዎች» ተባለ።

ኤልዳና እናቷ ከሞተች ወዲህ ዝም ያለች ልጅ ናት። ሙሉ ከትምህርት ቤት ትመልሳታለች፤ ስትታመም በቦዳ ሞተር ሳይክል አቅፋ ሐኪም ቤት ትወስዳታለች። ታዲያ አንድ ቀን መቀሷን አስቀመጠችና፣ «ወርቅውሃ፣ አልቻልኩም። የልጅቷን ሐዘን ይዤ ቤቴ እገባለሁ፤ ለማን ልንገረው? ልተወው ነው» አለችኝ። እሷ ከተወቻት ልጅቷ ሁለተኛ እናት ማጣቷ ነው።

በዚያው ሰሞን ፀጋዘአብ የሚባል የማኅበሩ ሠራተኛ መጣ። ሥራው ማኅበሩ አማካሪዎቹን ምን ያህል እንደሚደግፍ መለካት ነው። እሰይ፣ አሁን ትናገራለች አልኩ በሆዴ።

«ከአምስት ስንት ይሰጡናል?» አላት።

«አምስት! እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም።»

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። ጎሸም ባደርጋት ጭራሽ «ቻፓቲ ቂጣ ላስመጣልህ?» ትለዋለች። እኔን ሲጠይቀኝ ግን፣ ምላሴ የማያርፈው ጉደኛ፣ እኔም «አምስት» ብዬ አረፍኩት። ሰው ደጅሽ ድረስ ደክሞ መጥቶ እንዴት ፊቱ ላይ «አልደገፋችሁንም» ይባላል?

ፀጋዘአብ ሳቀና ወደ ሙሉ ዞረ። የአገሩን ይሉኝታ ያውቃል። «ሁሉም አምስት ነው የሚሉኝ። እሺ፣ የራስዎ ይቅር። ወይዘሮ ወርቅውሃስ ምን ይጎድላቸዋል?»

ለካ ለሰው ሲሆን አፍ አላት! «እሷማ የልጅ ሐዘን ተሸክማ ነው ማታ የምትገባው። የሚያዳምጣት ስጧት። ከሌሎቹ አማካሪዎች ጋር ቁጭ ብላ የምታወራበት ቀን አብጁላት። ይኸው ከስታ አልቃለች! አንድ ሰው እንኳ እንዴት ዋልሽ ይበላት እንጂ!»

የኔ ውድ! እኔ እንኳን ልከሳ፣ ቀሚሴን በየጊዜው የምታሰፋልኝ እሷው ናት።

ፀጋዘአብ ወደ እኔ አልዞረም። እሷኑ እያየ ቀስ ብሎ፣ «እርስዎስ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። በእጇ በያዘችው የኤልዳና ዩኒፎርም ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ቆይታ እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች።

«ሁለት አድርገው ልጄ» አለችው። «ልጅቷን ግን እንዳትወስዱብኝ።»