የአጣፊው አልጋ

ሰፈሩ ሁሉ «አጣፊው» ነው የሚለው። ዋና ስሙን ከመታወቂያውና ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሥራው ለጠባብ ቤት የሚሆን ዕቃ መሥራት ነው፦ ቀን ሶፋ ሆኖ የሚውል ፍራሽ፣ ከግድግዳ የሚዘረጋ ጠረጴዛ፣ አንዱ በአንዱ ሆድ የሚገባ በርጩማ። ሌላው አናጢ ስለ እንጨቱ ጥንካሬ ሲያወራ እሱ የሚያወራው ስለሚተርፈው ቦታ ነበር። «እኔ የምሸጠው እንጨት አይደለም፣ ወለል ነው» ይላል፤ ይህን ሲል ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ጉራ ነበረበት፣ ምን ይደበቃል።

ደንበኛ ሲመጣ ታዲያ ወርክሾፑ ውስጥ ሰጋቱራ እያስነጠሰው አያቆየውም። ከጀርባ ወዳለችው የራሱ ቤት ይዞት ይገባል። አንዲት ክፍል ናት። ሲገቡባት ግን አፍ ታስከፍታለች፤ ነጭ ግድግዳ፣ የተወለወለ ወለል፣ አንድ ምንጣፍ፣ ሌላ ምንም የለም። «የት ነው ታዲያ የምትተኙት?» ይላል እንግዳው ግራ ገብቶት። ይሄን ጊዜ ባለቤቱ ብድግ ትልና ግድግዳው ላይ ያለችውን እጀታ ሳብ ታደርጋለች። ሙሉ አልጋ፣ ከነአንሶላው፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መልሳ ታነሳዋለች፤ በቦታው ጠረጴዛው ከጎን ይዘረጋል፣ በርጩማዎቹ ከተሰቀሉበት ይወርዳሉ። «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም አጥፎ ሊሰቅለኝ ነው» ትላለች። ሁልጊዜ ያችው ቀልድ ናት። እንግዳው ይስቃል፤ አጣፊውም ገና ዛሬ እንደሰማት ሰው አብሮ ይስቃል። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የቤቷ አንድ ጉድለት ብርሃን ነበር። ያለችው አንድ መስኮት የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ሴትዮዋ ከወርክሾፑ የተጣለውን ቁርጥራጭ እየለቀመች፣ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ እየለየች፣ በኮላ እያጣበቀች፣ አልጋው ሲነሳ ወደ ቤቱ በሚዞረው ጀርባው ላይ አንድ ትልቅ መስኮት ሠራች፤ ከነመጋረጃው። ከመስኮቱ ማዶ ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ማዶ ኮረብታ። አንድም ቀለም አልተቀባም፤ ሁሉም የእንጨቱ የራሱ መልክ ነው። ቤቱን ያየ ደንበኛ ሁሉ «ይሄንንም ሥሩልን» ይል ነበር። እሷ በጄ አላለችም። «እናንተማ መስኮት አላችሁ» ትላቸዋለች። ጠዋት ስትነሳ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ የመጀመሪያ ሥራዋ አልጋውን ማንሳት ነበር። ያን ጊዜ ነው ለእሷ የሚነጋው።

ከዚያ ታመመች። መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ደም ማነስ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ እሷን ውጭ አስቀምጦ የበሽታውን ስም ለእሱ ብቻ ነገረው። አጣፊው «እሺ» ብቻ አለ። ወጥቶ ለእሷ ግን «ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ ተብለናል» አላት።

አልጋው ወርዶ ቀረ። አልጋው ሲወርድ ደግሞ ቤቱ ያልቃል፤ የተሠራው እንደዚያ ነው። ጠረጴዛው አይዘረጋም። የቁም ሳጥኑ በር ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ከፍራሹ ጋር ይላተማል። ምድጃው ጋ ለመድረስ በጎን መሄድ ነው፤ አጣፊው ሾርባ ሊያሞቅ ባለፈ ቁጥር ጉልበቱ አልጋውን ይመታዋል፣ በመታው ቁጥር እሷ ታቃስታለች። እሱ ራሱ ቆሞ ነው የሚበላው። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲለካ ኖሮ፣ ሰው በቀን ሊተኛ እንደሚችል አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም። ለእንግዳ አስቦ ነበር፣ ለዕቃ አስቦ ነበር፤ ለታማሚ ግን በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ክንድ ቦታ አልተወም።

እሷ ይባስ ብላ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። «መንገድ ዘጋሁብህ አይደል?» ትለዋለች። «ቆይ፣ ትንሽ ሻል ይበለኝና አነሳዋለሁ። መስኮቴም መሬት መሬቱን ሲያይ ሰነበተ።»

አጣፊው ያኔ ነው የሞኝ ሥራ የሠራው። በፍቅር ነው፣ ግን የሞኝ ሥራ ነው። ታላቅ እህቷ ገላዋን ልታጥባት ወደ ቤቷ በወሰደቻት ቀን አልጋውን የሚያነሱትን ሞላዎች ፈታ፣ ማጠፊያዎቹን ነቀለ፣ ለአልጋው አራት ወፍራም እግር ገጠመለት። ከራስጌው ለመድኃኒቷ የምትሆን መደርደሪያ ሠራላት። ቢነኩት የማይነቃነቅ፣ እንደ ማንኛውም ሰው አልጋ የሆነ አልጋ ላይ ትረፍልኝ ብሎ ነው።

እህቷን ተደግፋ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። አራቱን እግሮች አየች። ግድግዳው ላይ ማጠፊያው የነበረበትን ቀዳዳ አየች።

«እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው» አላት።

«ሐኪሙ እንደሱ ነው ያለህ?»

«ምን አለኝ?»

«አትነሳም ነው ያለህ?»

አንዲት ውሸት፣ የትኛዋም ብትሆን፣ ያን ጊዜ ብትመጣለት ምን ነበረበት። አልመጣችለትም። ሚስቱ ገብታ ተኛች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ሾርባ አልቀመሰችም፣ በማግስቱም አልቀመሰች። ታላቅ እህቷ ወርክሾፕ ድረስ መጥታ ልክ ልኩን ነገረችው። «አንተ ሰው፣ እህቴ ሳትሞት የሬሳ ሣጥን ሠራህላት እኮ» አለችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቱግ ይል ነበር። እውነቷን ስለሆነ ግን መጋዙ አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

እግሮቹን ነቅሎ አልጋውን እንደ ድሮው ከግድግዳው ጋር መልሶ ገጠመው። በዚህኛው ጊዜ ግን አንድ ነገር ጨመረበት። አልጋውን ማንሳት ድሮም ደህና ጉልበት ይጠይቅ ነበር፤ እሷ ደግሞ አሁን ብርጭቆ ማንሳት አቅቷታል። ስለዚህ ወፍራም ሞላ ፈልጎ አመጣ። ብሎኑን እያጠበቀ፣ እየሞከረ፣ ደግሞ እያጠበቀ፣ አልጋው በጣት ጫፍ እስኪነሳ አደረሰው። ብሎኑ የቆመበትን ቦታ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። አልጋው ታዲያ ሰው ካልተኛበት በቀር ወርዶ አይቆይም ነበር፤ ሲለቁት ተመልሶ ይነሳል። እሷ እስክትተኛ ድረስ እሱ በእጁ ይዞ ይቆያል፤ የሚያስቸግረው ይህ ብቻ ነበር።

በርጩማ ላይ አስቀመጣትና አልጋውን አውርዶ በእጁ ይዞ «በይ እስቲ» አላት።

ሁለት ጣቷን ከጠርዙ ሥር ስታስገባ እሱ እጁን ለቀቀ። አልጋው ኮሽ ሳይል ተነሳ። መስኮቷ ወጣ፤ መጋረጃው፣ ሜዳው፣ ኮረብታው። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

«አቅም አለኝ እኮ» አለች።

«አቅምማ አለሽ» አላት። ውሸቷ ዛሬ መጣችለት። ያን ሳምንት ሾርባዋን እየጨረሰች በላች። አዲስ ተጋቢዎች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ፣ እሱ አልጋውን አወረደላት፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ሆና በሁለት ጣቷ አነሳችላቸው። ሙሽራዋ «እንዴት ቀላል ነው» አለች ተገርማ። ሚስቱ ያችኑ ቀልዷን ነገረቻቸው። ተጋቢዎቹ ሳቁ። አጣፊው ሊስቅ ሞክሮ አቃተው፣ የላላ ብሎን እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን ነካካ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊመግባት ከትራሱ አስደግፎ ሲያስቀምጣት የአልጋው ግርጌ ከወለሉ ብድግ አለ። ብዙ አይደለም፤ ጣት ያስገባል። እሷ ወደ ታች ሸርተት ስትል ተመልሶ ተቀመጠ። አጣፊው ሞላው ከልክ በላይ ጠብቆ ነው ብሎ ብሎኑን አየ። ብሎኑ ቀዩ ምልክት ላይ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ሞላው ያው ነው፣ ፍራሹ ያው ነው። ያነሰችው እሷ ናት። ሐኪም ቤት ሚዛን ላይ ካወጧት ቆይቷል፤ አሁን የገዛ እጁ ሥራ መዝኖ ነገረው። ሾርባው በእጁ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ብሎኑን ቢያላላው አልጋው ይረጋ ነበር። ግን ከላላ እሷ ዳግመኛ አታነሳውም። ስለዚህ ወለሉ ላይ መንጠቆ መታና ግርጌውን በገመድ ያስር ጀመር።

«ምንድን ነው የምታስረው?» አለችው።

«እንዳይንቀጠቀጥብሽ ነው።»

«ቀለልኩት አይደል?»

አጣፊው ቋጠሮውን አጠበቀ።

«ተው ፍታው። ታስሬ አልተኛም።»

«ብድግ ቢልብሽስ?»

«አንተ ቁጭ በልበታ።»

ቁጭ አለበት። ከዚያ ወዲያ ወርክሾፑ ተዘጋ፤ ደንበኛ መጥቶ በር ቢደበድብ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ግርጌው ላይ፣ እግሯ አጠገብ፣ ተቀምጦ ይውላል። እህቷ ምግቡን እዚያው ታቀብለዋለች። ልነሳ ሲል ለእሷ ነግሮ፣ ቦታውን ለእህቷ ለቆ ነው። «ይኸው አንተንም ዕቃ አደረግኩህ» አለችው አንድ ቀን፣ ድምፅዋ ከከንፈሯ አልፎ የማይሰማ ሆኖ። «ከቤቱ ሁሉ የማትታጠፍ አንተ ብቻ ቀረህ።» የመጨረሻ ቀልዷ ይቺ ነበረች። ከዚያ በኋላ ያወራችው ውሃ ስትፈልግ ብቻ ነው።

በቀን ነው ያረፈችው፤ እሱ እዚያው ተቀምጦ፣ እጁ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንዳለ። ጎረቤት መጣ፣ እህቷ ጮኸች፣ ሰው ቤቱን ሞላው። ተሸክመው ሲያወጧት አጣፊው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ አብሯት ተነሳ። አልጋው፣ ማንም ሳይነካው፣ ከነአንሶላው፣ ከነትራሱ፣ ቀስ ብሎ ተነሳና ግድግዳው ውስጥ ገባ። የእንጨቱ መስኮት ብቻ ቀረ። ወደ ኋላ የቀሩት ሰዎች ቆመው አዩት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ክፋት እንኳ የለበትም፣ «ቤቱ ለካ እንዲህ ሰፊ ነው» አለ።

ሰፊ ነው። ወለል ሲሸጥ የኖረ ሰው ይኸው ወለል ተረፈው። ሌሊቱን ምንጣፉ ላይ ነው የሚያነጋው። እህቷ እየመጣች «ምናለ ያን ሞላ አላልተኸው እንደ ሰው ብትተኛ» ትለዋለች። መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ዙር ይበቃዋል። ግን ያ ብሎን የቆመው በእሷ ሁለት ጣት ልክ ነው። አንዴ ከላላ ያንን ልክ መልሶ የሚያገኝበት ጣት የለም።

ከሰዓት በኋላ ሲሆን አልጋውን ስቦ ያወርድና ግርጌው ላይ ይቀመጣል። ትራሱ ላይ ጭንቅላቷ ያረፈበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። እሱን ያያል። በር ይንኳኳል። «አጣፊው፣ አለህ?» ይላል አንድ ድምፅ፤ ምናልባት ቤቱን ሊያይ የመጣ ደንበኛ ነው። እሱስ አለ። ግን ብድግ ካለ አልጋው ይታጠፋል። ስለዚህ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ ሰውዬውም አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይሄዳል።