ለጠላት እንኳ የማትመከር ልጅ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ዛላ በርበሬ እየቀነጠስኩ ሳለ የልጅ ልጄ ቤዛ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ቤዛ ባሕር ዳር የእርሻ ትምህርት ትማራለች። አንዲት አስተማሪዋ፣ በሰብል በሽታ ጥናት የታወቁ ሴት፣ ለአንድ ሽልማት ታጭተዋል። ለዕጩነቱ አብረዋቸው የሠሩና ከሥራቸው የተማሩ ሰዎች ምስክርነት ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያሰባስቡት እነ ቤዛ ናቸው።

«ስሙኝማ እማዬ» አለችና ማንበብ ጀመረች። «'ጥያቄዋ ሰው ያደክማል። መልስ ሲሰጧት አመስግና የምትሄድ አይደለችም፤ መልሱን ራሱን መልሳ ትጠይቀዋለች።' የቀድሞ የሥራ ባልደረባ። 'አለቃ ፊት ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ አላየሁም።' ይሄም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ። ይሄ ደግሞ የተማሪ ነው፤ 'ዶክተር ሙሉነሽን ጫማቸው ጭቃ ሳይነካው አይቻቸው አላውቅም። ማሳ ከወጡ ሳይመሽ አይገቡም።'» ቤዛ ሳቀች። «እንዴት ያሉ ሴት ናቸው!»

እጄ በርበሬው ላይ ቆመ። እነዚህን ቃላት ከዚህ በፊት ሰምቻቸዋለሁ። ያኔ ግን የተነገሩት ለነቀፋ ነበር።

«አብራችሁ ተምራችኋል አይደል?» አለች ቤዛ። «የልጅነት ጓደኛ ምስክርነት የላከ የለም። ትንሽ ነገር ይበሉልኝ፣ በስልኬ እቀዳዎታለሁ።»

«ቆይ» አልኳት። «በርበሬውን ልጨርስ።»

በርበሬው ብዙ ነበር። እንዲያውም ብዙ በመሆኑ ደስ አለኝ።

ሙሉነሽና እኔ ያደግነው ቡሬ ነው፤ በአንድ አጥር የሚዋሰን ግቢ ውስጥ። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ፍኖተ ሰላም አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ ቅዳሜ በማንኩሳ አድርገን በጭነት መኪና፣ ከበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ስንቅ ይዘን እንመለሳለን። እኔ ድርቆሹንና ዳቦ ቆሎውን በልኩ አድርጌ ለሳምንት አበቃቃለሁ። እሷ የራሷን ማክሰኞ ትጨርስና የእኔን ትበላለች። «ትርንጎ፣ አንቺ እኮ ጎተራ ነሽ» ትለኝ ነበር አፏን ሞልታ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ውጤት በምንጠብቅበት ክረምት በቡሬ ዙሪያ በርበሬው መጠውለግ ያዘ። ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ ያደረው ነገ አንገቱን ይደፋል፤ ሲነቅሉት ሥሩ በስብሶ ይወጣል። በርበሬ ደግሞ ለኛ አገር ሰው ልብስም፣ የትምህርት ቤት ወጪም፣ የሠርግ ድግስም ነው። ነገሩን እንዲያጠና አቶ ጌትነት የሚባል ባለሙያ ተላከ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ገና ወጣት ሰው ነበር። በሽንዲ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሳ ተከራየና፣ መጻፍና መለካት የሚችሉ ልጆች ብሎ እኔንና ሙሉነሽን ቀጠረን። የማሳው ጥበቃ ጋሽ ደሴ ነበር፤ ባርኔጣውን በዝናብም በፀሐይም የማያወልቅ፣ ደርበብ ያለ ያገር ሰው።

ያንን ሥራ ወደድኩት። እንዴት እንደወደድኩት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠዋት ቂጣና ቃሪያ በቅጠል ጠቅልለን እንሄዳለን፤ መደቡን እየዞርን የጠወለገውን ካልጠወለገው እንለያለን፤ አፈሩ እጃችን ላይ ይደርቃል። አንድ ቀን ከብርቱ ዝናብ በኋላ ዳር ቆሜ ሳይ፣ ላይኛዎቹ መደቦች ውሃውን ወዲያው ይጠጡታል፤ ታችኛዎቹ ላይ ግን ውሃው ይተኛል። የጠወለጉት ታችኛዎቹ ነበሩ። ለሙሉነሽ በጆሮዋ ነገርኳት።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «ውሃው ነው! ውሃው የተኛበት ነው የሚሞተው!»

አቶ ጌትነት እየሮጠ መጣ። ተንበርክኮ አየና ቀና አለ። «ማናችሁ ናችሁ ያያችሁት?»

«ትርንጎ ናት» አለች ሙሉነሽ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። «አይ፣ አብረን ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ነገር ሲኖረው የሚጠራው እሷን ሆነ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለታችንንም አስቀምጦ አነጋገረን። ወደ ምርምር ጣቢያው ሲመለስ አንዲት ረዳት ይዞ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። ሥራም ነው፣ ትምህርትም አለበት። «ከሁለታችሁ መምረጥ አቃተኝ» አለ። «እኔ የማያችሁ ማሳ ላይ ብቻ ነው። የሚያውቃችሁን ሰው አስጠይቃለሁ።»

ለወላጆቻችን ነገሩ እስኪቆረጥ እንዳንናገር ተማማልን። አስቀድሞ ከተሰማ እንደሚያስቀሩን እናውቃለን። እኔ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የለም።

አቶ ጌትነት የላከው ጋሽ ደሴን ነበር። ጋሽ ደሴ ደግሞ ስለ አንዲት ልጅ ጠባይ ሲጠየቅ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አስከተለ፤ ዱላውን ያዘ፤ ያንን ባርኔጣ እንኳ አወለቀ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አምሳል ግቢ ገባ። እኔ በአጥሩ ወዲህ በቆሎ እፈለፍል ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ቤቶች?»

«ደኅና፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ እንጂ፣ ከደጅ ምን ያቆማችኋል?»

«በቆሎው እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«ይመስገነው። ዝንጀሮ ከተወልን።»

ዝናቡ ተወራ፣ ከብቱ ተወራ። ከዚያ ጋሽ ደሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደው ጎረቤት የማያውቀው የለም ብለን ነው። ስለነዚህ ሁለት ተማሪ ልጆች ጠባይ እንድትነግሪን። የላከን ሰው አለ። ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው።»

«በሞቴ! ማነው?»

«ጊዜው ሲደርስ ይሰማል።»

እትዬ አምሳል ሌላ አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአገራችን ለምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ የለም። «ትርንጎን ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሰዱ» አለች። «ድምፅዋን የሰማ ጎረቤት የለም። ሲልኳት ለምን አትል፣ ሲቆጧት ቀና አትል። እንግዳ ከመጣ ጓዳ ናት። ዘመድ ያስከብራል እንዲህ ያለ ልጅ።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ሙሉነሽ? እሷን ለጠላቴም አልመክር! ጥያቄዋ ሰው ያደክማል። ባለፈው ጎመኔን ነቅላ ሥሩን ስታይ አገኘኋት። 'ምን ሆነሽ ነው?' ስላት፣ 'እትዬ፣ ትል ገብቶበታል፤ የቀረውንም ነቅለን እንየው' አትለኝም! ካባቷ እኩል ትከራከራለች። እግሯን እዩት፣ ከጭቃ ወጥቶ አያውቅም። ማታ ከእሷ ጅብ ቀድሞ ይገባል።»

በቆሎው እጄ ላይ ቀረ። ለሙሉነሽ አዘንኩላት፤ ሐዘኔ ግን ብዙ አልቆየም። ተመሰገንኩ፣ እሷ ተነቀፈች፣ ስለዚህ የምሄደው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። የትኛዋም ልጅ በእኔ ቦታ ብትሆን እንዲያ ታስብ ነበር።

ወሬው በማግሥቱ እናቴ ዘንድ ደረሰ። የተማረ፣ ጨዋ፣ ጋሽ ደሴን የሚልክ ሰው ሲባል ከአቶ ጌትነት ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እናቴ ነጠላዬን በእንዶድ አጠበች፤ ፀሐይ እንዳይመታኝ ሁለት ቀን ማሳ እንዳልሄድ ከለከለችኝ። በወዲያኛው አጥር በኩል የሙሉነሽ እናት ስታለቅስ ይሰማል። «ስምሽን አጠፋሽው! ማን ይወስድሻል እንግዲህ?» ሙሉነሽም ትመልሳለች፤ «እማ፣ ጎመኑ እኮ እውነትም ትል ነበረው!» ለእናቴ ነገሩ የሥራ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያስቀሩኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ማሳው ዳር አደይ ሲፈነዳ አቶ ጌትነት ጠራን። ጋሽ ደሴም ቆሟል፣ የሠራውን ሥራ ውጤት ለማየት።

«ትርንጎ» አለኝ አቶ ጌትነት፣ «ስላንቺ አንድ ክፉ ቃል አልሰማሁም። አገሩ ሁሉ ያመሰግንሻል።» ከዚያ ወደ ሙሉነሽ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ሰው ታደክሚያለሽ አሉ። የጎረቤት ጎመን ትነቅያለሽ። ከጭቃ አትወጪም።» ሳቀ። «ልብስሽን አዘጋጂ።»

ጋሽ ደሴ ደነገጠ። «ጌታዬ፣ እንዳይሳሳቱ። የተመሰገነችው ይህችኛዋ ናት እኮ።»

«ሰምቻለሁ ጋሽ ደሴ። ደኅና አድርገህ ነው የጠየቅህልኝ።»

ሙሉነሽ እኔን አየችኝ። ደስታዋን ፊቷ ላይ ያዝ አደረገችው። «ጋሼ፣ ውሃውን ያየችው እኮ እሷ ናት» አለች እንደገና።

አቶ ጌትነት ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። ዛሬ ሳስበው ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ራሴን በራሴ ላመስግን? እንዲያ አላሳደጉኝም። መሬት መሬቱን አየሁ።

እናቴ ማታ፣ «ሽማግሌ መቼ ነው የሚልከው?» ስትለኝ፣ ሙሉነሽ ለሥራ ልትሄድ መሆኑን ነገርኳት። «ለሥራ?» አለች። «እሰይ፣ እንኳን አንቺ አልሆንሽ» አለችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ያጽናናችኝ መስሏት ነው።

ሙሉነሽን አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋት። መንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ለመንገዷ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ሰጠኋት። «ማክሰኞ እንዳትጨርሽው» አልኳት። ሳቀችና አቀፈችኝ። መኪናው የማንኩሳን መንገድ ይዞ ከተሰወረ በኋላም ቆምኩ።

እኔ በጥር ተዳርኩ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ ደኅና ናቸው። የሚያስከፋ ነገር የለም። ሙሉነሽ ዲግሪ ያዘች ሲሉኝ «እሰይ» አልኩ። ውጭ አገር ተምራ ዶክተር ሆነች ሲሉኝም «እሰይ» አልኩ። ከአፌ የወጣው እውነት ነበር፤ ከውስጥ የቀረውም እውነት ነበር። በማዕረጉ አልቀናሁም፣ በመኪናውም አልቀናሁም። የቀናሁት በጭቃው ነው። አንድ የደረቀ ሥር ይዞ ሰው መጥቶ «ይህ ምን ይመስልሻል?» ብሎ ስለሚጠይቃት ነው። ስለ እኔ ሥራ ግን ማንም ሰው ተጠይቆ አያውቅም። ዛሬም ገበያ ላይ የጠወለገ ችግኝ ሳይ ነቅዬ ሥሩን ካላየሁ አልፌ አልሄድም። አይቼ ዝም እላለሁ።

በርበሬው አለቀ። እጄን ታጠብኩ።

«ቅጂ» አልኳት ቤዛን።

ስልኩን አፌ ዘንድ አስጠጋችው። «ሙሉነሽን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ» አልኩ። «ጥያቄዋ ሰው ያደክማል። የሰው ጎመን ነቅላ ሥሩን ታያለች። ጎረቤቶቻችን ለጠላት እንኳ የማትመከር ልጅ ናት ይሉ ነበር። ያሉት ሁሉ ልክ ነበር።»

ቤዛ በሳቅ ፈነዳች። «ይሄ ከሁሉም ይበልጣል!» ልትዘጋው ስትል እጇን ያዝኳት።

«አልጨረስኩም። በዚያ ክረምት ቡሬ በርበሬው የሚሞተው ውሃ በሚተኛበት መደብ መሆኑን አስቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ቤዛ ግራ ገባት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የእሳቸው ምስክርነት ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ መስክራልኛለች፤ አንዴ ካድኩ፣ አንዴ ዝም አልኩ። እሷ ሰው ያየውን የራሷ አድርጋ የምትወስድ እንዳልሆነች በዚህ ይታወቅላት። ያየሁት እኔ መሆኔም ይታወቅ።»

ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

«ከስምዎ ሥር ምን ልበል? የልጅነት ጓደኛ?»

«የለም» አልኳት። «የቀድሞ የሥራ ባልደረባ በይ።»