የጋዜጣ ሱሪ

በገዛ እግሬ ነው የገባሁት። የምሠራበት ዕቃ ጫኝ መርከብ ታኮማ ወደብ ሲቆም ወረድኩና ሳልመለስ ቀረሁ። አገር ቤት ደርግ ገና ጠንክሮ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። አንድ የአገሬ ሰው ስካይዌይ ባለው ቤቱ ሦስት ቀን አሳደረኝ። በአራተኛው ቀን ሲያትል፣ ኢሚግሬሽኑ በር ላይ አደረሰኝና፣ "ኦኬ፣ አንተ ግባ፤ እኔ ፓርክ አድርጌ እጠብቅሃለሁ" አለኝ።

"የፖለቲካ ጥገኝነት እጠይቃለሁ" የምትለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሳጠናት ነበር የሰነበትኩት። መስኮቱ ጋ ለተቀመጠችው ሴት አንድም ቃል ሳልስት አልኳት። ፓስፖርቴ መርከቡ ላይ ቀርቷል፤ ቪዛ የለኝም። ከምሳ በኋላ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀበሉኝ። ሰውዬው መኪናው ውስጥ እስከ ስንት ሰዓት እንደጠበቀኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ያስገቡኝ ክፍል ስምንት የብረት አልጋ ነበረው። በረኪና በረኪና ይሸታል። መስኮቱ ወፍራም መስታወት ስለሆነ ብርሃን ያስገባል እንጂ ምንም አያሳይም፤ መዝነቡን የምናውቀው በድምፁ ነው። በአቅራቢያው ስታዲየም ነበረ። ጨዋታ ባለበት ቀን የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት ድንገት ይመጣና ግድግዳውን ነዝሮት ይሄዳል። ማን እንዳሸነፈ አናውቅም።

ብርቱካንማ ሸሚዝና ሱሪ ሰጡኝ። ሱሪው የእኔን እጥፍ ለሚያክል ሰው የተሰፋ ነው፤ የወገቡ ላስቲክ ረግቧል። ቀበቶ ክልክል ነው። ስለዚህ ስሄድም፣ ምግብ ለመቀበል ስሰለፍም፣ እስረኞቹን በነፃ የምትረዳዋ ጠበቃ መጥታ ስታነጋግረኝም አንድ እጄ ሱሪዬን እንደ ጨበጠ ነው። አዲስ አበባ ቀበሌ ስምንት ወር ታስሬያለሁ። እዚያ የደረሰብኝ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ግን እዚያ ሱሪዬ የራሴ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከሌላ ክፍል አንድ ሽማግሌ አምጥተው ከበሩ አጠገብ ያለውን አልጋ ሰጧቸው። ከምሳ ሰልፍ ስመለስ ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ በአማርኛ፣

"አንተ ልጅ፣ ያን ሱሪ ልቀቀው እስቲ" አሉኝ።

አማርኛ ከሰማሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር።

"ይወድቃል እኮ።"

"ይውደቅ። አወዳደቁን ልየው።"

ለቀቅኩት። ወደቀ። ጎንበስ ብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ወገቡን፣ ከዚያ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበትን።

"ወላሂ፣ ይሄን የሰፋው ሰው እግር አይቶ አያውቅም" አሉ።

የደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሃያ ዓመት ጅዳ ሲሰፉ ኖረው፣ ቱክዊላ ወደምትኖረው ልጃቸው ለመድረስ በሌላ ሰው ፓስፖርት መጡና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተያዙ። መነጽራቸው በመንገድ ተሰብሯል። ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሐጂ ነበር የሚሏቸው፤ እኔም ሐጂ አልኳቸው።

በማግስቱ ከብርድ ልብሳቸው ጠርዝ አንድ ረጅም ክር መዘዙ። በወገቤ ዙሪያ አዞሩትና ቋጠሩ። በዳሌዬ አዞሩ፤ ሌላ ቋጠሮ። ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከብሽሽቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ሜትራችን ያ ክር ነበር። ጋዜጣ ከመመገቢያው አዳራሽ ይገኛል፤ ለደብዳቤ መጻፊያ የሚሰጡን የጣት ያህል እርሳስም አለ። ጋዜጣውን ወለሉ ላይ ዘርግተው በእርሳሷ አንድ መስመር ሲስቡ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ዓይናቸው ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ በጣታቸው ነበር የሚያዩት።

"ይሄ ፊት ነው፤ ይሄ ኋላ። ለምን እኩል አልሆኑም?"

"አላውቅም።"

"ሰው ሲቀመጥ ኋላው ይረዝማል። ፊትና ኋላውን እኩል የሚቀድ ልብስ ሰፊ ቁጭ ብሎ አያውቅም።"

መቀስ የለም። የወረቀቱን መስመር አጥፈው በጥፍራቸው ደጋግመው አሹት፣ በምራቃቸው አረጠቡት፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ቀደዱት። በመቀስ እንደተቆረጠ ሆነ። ቀጥሎ ክሩን ለእኔ ሰጡኝ።

እኔ አምስት ጋዜጣ አበላሸሁ። ቀጥታው መስመር አላስቸገረኝም። ችግሩ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ጋ የሚደርሰው ጎበጥ ያለ መስመር ነው፤ ወይ ይጠልቅብኛል ወይ ይነሳብኛል። ስድስተኛውን "ይሁን" አሉኝ። ከምሳችን ባስቀረነው ሩዝ አጣበቅነውና የጋዜጣውን ሱሪ ለበስኩ። ስቆም ልክ ነው። ስቀመጥ ከኋላ ተተረተረ። በወዲያ በኩል ካርታ የሚጫወቱት የኤል ሳልቫዶር ሰዎች አጨበጨቡልኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስምንተኛው ስቀመጥ አልተቀደደም።

መርፌውን ከዶሮ አጥንት አወጣነው። "ሥጋውን አንተ ብላው፤ እንደኛ አልታረደም። አጥንቱን ለኔ" አሉኝ። ሲሚንቶው ላይ ሞርደን፣ ከመጽሔት በነቀልነው ሽቦ ዓይኑን በሳነው። ብርቱካንማውን ሱሪ ማታ ማታ ትንሽ በትንሹ ተረተርኩ፤ በጋዜጣው ልክ እያጠፍኩ በብርድ ልብሱ ክር ሰፋሁት። ሐጂ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ "እዚህ ጋ ተቻኩለሃል። ፍታው" ይላሉ። እፈታለሁ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። መቼ እንደምወጣ የሚነግረኝ ስለሌለ መፍታቱ አላናደደኝም። ቢያንስ የት ጋ እንደተሳሳትኩ የሚነግረኝ ሰው ነበረ።

ያለቀ ዕለት ሁለት እጄን ወደ ታች ጥዬ ለምሳ ተሰለፍኩ። በእንዲህ ያለ ነገር ደረቱ የሚነፋ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሲቆጥሩን ጠባቂው ፊቴ ሲደርስ ቆመ። ወገቤን አየ፤ ፍራሼን ገለበጠ። መርፌውን አገኘ። ከመርፌው ሥር ወረቀቶቹን አገኘ።

እኔንና ሐጂን አንድ ቢሮ አስገቡን። ኃላፊው ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቸው። በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች፣ ቀስቶች፣ በአማርኛ ለፊት "ፊ"፣ ለኋላ "ኋ"፣ ለመሐል "መ" የሚሉ ፊደሎች። በእሱ ዓይን ሳያቸው እኔም ፈራኋቸው።

"ይሄ የዚህ ሕንፃ ካርታ ነው?"

"ሱሪ ነው" አልኩት በመርከብ እንግሊዝኛዬ።

"ቀስቱ ወዴት ነው የሚያሳየው?"

"የጨርቁ ክር የሚሄድበትን።"

ወረቀቶቹን ሰበሰባቸው። ከዚያ፣ "እሺ፣ ሱሪ ነው እንበል። የመንግሥት ንብረት ተተርትሯል፤ ስለት ያለው ነገር ተደብቋል። ይሄ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ማን ነው የሠራው?" አለ።

ሐጂ ዳኛ ፊት የሚቀርቡት ሐሙስ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጠበቃዋ፣ መዝገባቸው ንጹሕ ከሆነ ለልጃቸው በዋስ ይሰጧቸዋል ብላ ነበር። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ የእኔንና የሰውዬውን ፊት በየተራ ያያሉ።

ያን ጥያቄ ከዚያ በፊትም ተጠይቄ አውቃለሁ። በቀይ ሽብሩ ዘመን፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ቀበሌው ደብተሬ ውስጥ በእጅ የተገለበጠ የቅስቀሳ ወረቀት አገኘብኝ። "ማን ነው የጻፈው?" አሉኝ። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የሚቀመጠውን ልጅ ስም ጠራሁ። የእጅ ጽሑፋችንን ለማስተያየት እንኳ አልደከሙም። እኔን ከስምንት ወር በኋላ ለቀቁኝ። እሱ ከዚያ ቤት አልወጣም። ለጥገኝነት በሞላሁት ቅጽ ላይ ስምንቱን ወር ጽፌያለሁ። እሱን አልጻፍኩም።

"የኔ ነው" አልኩት ሰውዬውን።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"መርፌውስ?"

"የኔ ነው።"

"ሽማግሌውስ ምን ያደርጉ ነበር?"

"እሳቸው አያዩም። መነጽራቸው ተሰብሯል።"

ጻፈ። ሐጂ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ "ምን አልከው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሱሪ ነው አልኩት።"

"አብሽር፤ እውነቱን ካልከው ይገባዋል" አሉኝ።

ሱሪውን አስወለቁኝና ከመጀመሪያው የባሰ ሰፊ ሰጡኝ። ለብቻዬ አሥር ቀን ዘጉብኝ። እግሬን ስዘረጋ በሩን ይነካል። መብራቱ አይጠፋም፤ ዝናቡ እዚያ አይሰማም። ወረቀትም እርሳስም ከልክለውኛል። በጣቴ ግድግዳው ላይ ያን ጎበጥ ያለ መስመር ደጋግሜ እስባለሁ፤ ሲስተካከልልኝ ደግሞ የማሳየው ሰው የለም። ደግ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም። አሥር ቀን ምን አላት? ያ የዴስክ ጓደኛዬ ስንት ቀን እንደታሰረ የቆጠረለት የለም። በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አልቅሻለሁ።

ስመለስ ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋ ባዶ ነበር። ሐጂ ሐሙስ ዕለት ለልጃቸው ተሰጥተዋል። የእኔ ቀጠሮ ደግሞ በመዝገቡ ምክንያት ተገፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊጠይቁኝ መጡ። በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጠው ስልኩን እንዴት እንደሚይዙት ልጃቸው አሳየቻቸው። አዲስ መነጽር አድርገዋል። መጀመሪያ ፊቴን አዩ፤ ፊቴን በደንብ ያዩት ያኔ ነው።

"ልጅ ነህ ለካ" አሉኝ። "እኔ ትልቅ ሰው አድርጌህ ነበር።"

"እንዴት ነዎት ሐጂ?"

"አልሐምዱሊላህ። ጠበቃዋ ለልጄ ነግራታለች። ሁሉም የኔ ነው አልክ አሉ።"

የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።

"የመጀመሪያው ወረቀት እኮ የኔ ነበር።"

"አዎ፣ ሐጂ።"

"ያን የመሰለ ወገብ አንተ አትስልም።"

"አልስልም።"

"ታዲያ ሌባ ነህ።" ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ቆመና መነጽራቸውን አወለቁ። "ለምን እንዲህ አደረግህ? ምኔ ነህ አንተ? አባትህን አላውቅ፣ አገርህን አላውቅ።"

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ይቆየን ሐጂ" አልኳቸው።

አላስጨነቁኝም። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ፣ እኔም አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ታሰርኩ። ስወጣ ቱክዊላ ድረስ እየሄድኩ እጅጌውንም ኮሌታውንም ከእሳቸው ተማርኩ። ብዙ ዓመት አብረን ቆየን፤ ሳልነግራቸው ሞቱ።

ዛሬ እኔም ልብስ አስተካክላለሁ፤ ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር። የምለብሰውን ሱሪ ራሴ ቀድጄ ነው የምሰፋው። ልጄ በእንግሊዝኛ "አባዬ፣ ዝም ብለህ ግዛ" ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት ቱክዊላ አንድ ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ከየት ሰፈር፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት ስንባባል የወንድሟን ስም ጠራች። "አንድ ክፍል ሳትሆኑ አትቀሩም፤ ታውቀው ነበር?" አለችኝ።

ያኔ "የኔ ነው" ያልኩት ለማያውቀኝ ሰው፣ ስለ ጋዜጣ ነበር። ቀላሉ እሱ ነው።

"አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው" አልኳት። "ያሰሩት በወረቀት ምክንያት ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሙን የሰጠሁትም እኔ ነኝ።"

ልጇ ከበሩ ላይ በእንግሊዝኛ ጠራቻት፤ እንሂድ ነው የምትላት። አልዞረችም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ እያጠፈች፣ እየፈታች ብዙ ቆየች። ትነሳና ትሄዳለች፣ ወይም ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። የትኛውንም ብታደርግ አልፈርድባትም።

"እኔ አምስት ዓመቴ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ፎቶ የለንም። እናቴ አቃጠለችው። ቁመቱ ምን ያህል ነበር?"

ተነሳሁ። ያን ጊዜ እኔ የነበርኩበትን ቁመት አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልጨመርኩም። መዳፌን ከራሴ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት።

"እስከዚህ። ትከሻው ግን ጠበብ ያለ ነበር።"

ተነስታ መጣችና ከእጄ ሥር ቆመች፤ ቀና ብላ አየችው። ሰው እያየን ነበር። እሷ "በቃ" እስክትለኝ ድረስ እጄን አላወረድኩም።