ካቴና የጠጣው የአራስ ቅቤ

የዚያን ቀን ጠዋት የሞተር ሳይክሌን ካቴና እንደ ክራር ጅማት ወጠርሁት። በጣቴ ስመታው ድምፅ ሰጠኝ፤ ሙያ የገባኝ መስሎኝ ብቻዬን ፈገግ አልሁ። ካቴና መርገቡ ብቻ ሳይሆን መወጠሩም ይጎዳዋል ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም የምሰማ አልነበርሁም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቆቦ የተመደብሁ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ጎፈሬዬ ከዕውቀቴ ይበልጣል። ሞተሯ የመንግሥት ናት። ክረምቱን ሙሉ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ስለከረመች ካቴናዋ ዝጎ፣ እንደ አሮጌ መቀነት ተንጠልጥሎ ነበር። ዘይት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከፈራሚዎቹ ሁለቱ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለዚህ እንደ ደረቀ አጠበቅሁትና የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላዬ ጭኜ ወደ ዋጃ ወጣሁ።

ከዋጃ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። በዚያ ሰሞን የደስታ በሽታ ገብቶ ነበር፤ ከብት የሚፈጀውን በሽታ ማን ደስታ ብሎ እንደሰየመው እስከ ዛሬ አልገባኝም። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ከንቱ ነው፤ ሌላ በረዶ የሚመጣው ከደሴ ነው፣ ያውም መኪና ከተገኘ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ይውጣል። የዚያን ማሽላ ሽታ ዛሬም የትም ብሆን አውቀዋለሁ። ካቴናው ግን ገና ከከተማ ሳልወጣ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ጥንካሬው ነው አልሁ። ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ስገባ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ሞተሯ ትጮኻለች፣ ጎማው ዝም።

የተበጠሰው ማያያዣው ነው። በመሣሪያ ከረጢቴ ውስጥ መለዋወጫ ነበረኝ፤ አንድ ብቻ። ገጠምሁት፣ ቁልፌን አነሣሁና እንደ ጠዋቱ መወጠር ጀመርሁ።

“ደግመህ ልትበጥሰው ነው?” አሉኝ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ማሽላ የተጫኑ ሁለት ግመሎች ወደ ቆቦ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

“አባቴ፣ ይሄ የሞተር ነገር ነው” አልሁ። ትርጉሙ፣ እርስዎ ግመልዎን ይንዱ ነው።

“የግመል ነገር ቢሆንማ በአንተ እጅ አይሰጥም ነበር። ለመሆኑ ግመል ተንበርክኮ ሲጫን ገመዱን ትንፋሽ እስኪያሳጣው ትጠፍረዋለህ?”

“ግመል ጭኜ አላውቅም።”

“ያስታውቃል። ሲነሣ ሆዱ ሌላ ነው። ለመነሻው ካልተውህለት ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ ግመሉ ይጎዳል።” በመዳፋቸው የሞተሯን ወንበር ተጫኑት። ኋላዋ ዝቅ ሲል ካቴናው ተወጠረ፤ እጃቸውን ሲያነሡ ላላ። “አየህ? ባዶዋን ለክተህ ተጭነህባት ሄድህ።”

ለዚህ የሞተር ሙያ ሦስት ወር ሙሉ አበል እየበላሁ ሠልጥኜ ነበር።

“እንግዲያው ይቀመጡልኝና ልለካው” አልኋቸው።

“እኔ? ከግመል ወድቄ የማላውቅ፣ በስተርጅና ከብረት ወድቄ ሰው ይሣቅብኝ?”

“የሚያዩት ግመሎቹ ብቻ ናቸው።”

“የሚያሙኝ እነሱ አይደሉም?”

ቢስሚላህ ብለው፣ ሁለት እግራቸውን ባንድ ወገን አድርገው ተቀመጡ። ካቴናው መሐሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል እስኪላወስ ለቀቅሁት፤ ጎማው እንዳይጣመም የግራና የቀኙን ብሎን እኩል አዞርሁ። ሽማግሌው ወርደው ካቴናውን ነካ አደረጉት።

“ይሄ ደርቋል። ዘይት የለህም?”

“ፊርማ እየጠበቀ ነው።”

ከግመሉ ጎን የተንጠለጠለ ቅል አውርደው ክዳኑን ከፈቱ። በሙቀቱ ዘይት የሆነ ቅቤ ነው።

“ለልጄ ነው። ከወለደች ሳምንቷ” አሉ።

“አይሆንም አባቴ። የአራስ ቅቤ?”

“የክትባት ሣጥንህን አይቻለሁ፤ ከብቱ ካለቀ ቅቤው ከየት ሊመጣ ነው? ጥቂት ንካ፣ አብሽር።”

ጥቂት አልነካሁም። የዛገ ካቴና ሲጠጣ አይጠግብም፣ እኔም ስቀባ ልክ አላውቅም። ልብ ስል ቅሉ ተጋምሷል። ሽማግሌው ወደ ቅሉ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፤ “ማሻአላህ፣ ጠጪ ናት” ብለው ከደኑት።

“በሚመጣው ሳምንት እመልሳለሁ። የልጅዎ ቤት የት ነው?”

“ቆቦ፣ ከመስጊዱ በታች ጠይቅ” ብለው ግመሎቻቸውን ነዱ።

ስደርስ ከበረዶው የቡጢ ያህል ቀርቶ ነበር። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ስወጋ ዋልሁ፤ ከብቱ በሙሉ ተከተበ። ወደ ቆቦ ስመለስ የቅቤው ሽታ የሳባቸው ውሾች ተሰልፈው አጀቡኝ። በዚያ ዘመን ያለ ቅስቀሳ የወጣ ሰልፍ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ቅቤ ገዝቼ ከመስጊዱ በታች ወረድሁ። የሽማግሌውን ስም አልጠየቅሁም ነበር፣ የልጃቸውንም። ባለ ጎፈሬ ጎረምሳ የአራስ ቤት እያንኳኳ “አባትሽ ግመል አላቸው?” ሲል አስቡት። ሦስተኛው ቤት ስደርስ አንዲት አማት በማማሰያ አባረሩኝ። ቅቤው መሽተት ሲጀምር እኔው በገንፎ ጨረስሁት። ሌላ ልገዛ አሰብሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወርሁ።

ያ ጨቅላ ዛሬ የልጆች አባት ሳይሆን አይቀርም። እናቱ ግን በእኔ ምክንያት በግማሽ ቅቤ ታረሰች። ከመስጊዱ በታች ለምትኖር ስሟን ለማላውቃት ሴት፣ እስከ ዛሬ ግማሽ ቅል ቅቤ አለብኝ።