በሊቀ መንበሩ ልጅ ፈንታ

ከቤት የወጣሁት ራት ሳልበላ ነው። እናቴ መብራቱን አጥፍታ በሩ ሥር ቆማ ታዳምጥ ነበር፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ክንዴን ጭምቅ ታደርገኛለች። ሰዓት እላፊው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው "በጓሮ ውጣ" አለችኝ። የጓሮው አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ ስዘለው እንዳይንኳኳ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው። ከእሷ በመጨረሻ ያየሁት ያን ጋቢ ነው። ፊቷን በጨለማው አላየሁትም።

ቤታችን ኮተቤ ነበር፣ ከየካ ተራራ ግርጌ። እኔ ታፔላ እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የልብስ ሰፊዎችንና የምግብ ቤቶችን ታፔላ ቆሜ እያየሁ፣ ግድግዳ ላይ በከሰል እየገለበጥኩ ነው የለመድኩት። ቀበሌው መፈክር ሲያስፈልገው የሚያስጠራው እኔን ነው። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!" የሚለውን በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ስጽፍ ኖርኩ። ሊቀ መንበራችን (ስሙን አልጽፍም፤ የሌሎቹንም ቀይሬያለሁ) አንድ ቀን ሥራዬን ሲያይ "አንተን ግንባር ብልክህ ለእኔ ማን ይጽፍልኛል?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያችን ሳቅ እንደ መታወቂያ ይዣት እዞር ነበር።

በዚያ ሰሞን እያንዳንዱ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና የሚደርስበትን ወጣት ማቅረብ ነበረበት። የራሱ ያልበቃው ከጎረቤት ያፍሳል። የጎረቤት ቀበሌ ጥበቃዎች መገናኛ አካባቢ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ከበው ሲያፍሱ የእኛን ሊቀ መንበር ልጅ አብረው ወሰዱት። "የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ?" ቢላቸው "እናውቃለን፣ የእናት አገር ልጅ ነህ" ብለው ጭነውታል አሉ።

አባቱ ሳይመሽ አስፈታው። ግን የተቆጠረ ሰው ነውና ከነገ ወዲያ ጠዋት ምትክ ሊያስረክብ ተስማምቶ ነው። ይህን እኔ አላውቅም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"ጌቱ፣ ነገ በጠዋት ብሩሽህን ይዘህ ቀበሌ ና። ትልቅ ሥራ አለ።"

"እሺ ጓድ ሊቀ መንበር" አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። እጁ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቆየ። ሊያበረታታኝ ይሁን ሊመዝነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያዳነችኝ ሚስቱ ናት፣ እትዬ ዘነበች። ግቢዋ ውስጥ ቧንቧ እያላት ባልዲ ይዛ ቦኖ ውሃ ወረደች፤ ከእናቴ ጎን ተሰለፈችና ፊቷን ሳታዞር "የእኔ ልጅ ገብቷል፤ ያንቺን አስወጪው። ነገ በእሱ ፈንታ የሚሰጠው ጌቱ ነው" አለቻት። ከዚያ ውሃ ሳትቀዳ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ተመለሰች። እናቴ ከቦኖው በቀጥታ የሄደችው የአገሯ ልጅ ወደሆነው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ወደ ጋሽ ወንድሙ ነው። በነጋታው ወደ ጎንደር ይጭናል። ከተማው መውጫ ላይ ፍተሻ ስላለ "ሱሉልታ ይጠብቀኝ" አለ። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ነው።

ሌሊቱን በሸንተረሩ ላይ ሄድኩ። የባሕር ዛፍ ጫካን ቀን የምታውቁት ሰዎች ሌሊት አታውቁትም። ቅርፊቱ ሲላጥ ሰው ጠመንጃ ሲያቀባብል ይመስላል፤ በሰማሁ ቁጥር መሬት እተኛለሁ። ከበታቼ የከተማው መብራት ይታያል፤ አንዱ የቀበሌው ነው፣ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ አልቆምኩም። ጎህ ሲቀድ እንጨት ለቃሚ ሴቶች አገኙኝ።

"ወዴት ነህ ወንድሜ?" አለችኝ አንዷ።

"እንጨት ልገዛ።"

"በዚህ ሰሞን ወደ ላይ የሚወጣ ጎረምሳ ሁሉ እንጨት ገዢ ነው" አለች ለጓደኞቿ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "በግራ በኩል ውረድ። በቀኙ የደን ጥበቃ አለ።"

ጋሽ ወንድሙ ሳሙና ጭኖ መጣ። ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ሲጠይቁኝ ረዳት ነኝ እንድል ተስማማን። ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ባለው ኬላ አንድ ወታደር፣ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ፣ አስቆመን።

"ይሄ ማነው?"

"ረዳቴ ነው።"

"እጅህን አሳየኝ።" ዘረጋሁ። "የረዳት እጅ ጥቁር ነው፤ ያንተ ቀይ ነው። የምን ደም ነው?"

ጥፍሬ ሥር የቀረ ቀለም ነበር። ጋሽ ወንድሙ ቀደመኝ፦ "ጸሐፊ ነው፤ በመኪናዬ የኋላ በር ላይ ሊጽፍልኝ ነው።"

ወታደሩ አሰበ። "ጸሐፊ ከሆነ ይጻፋ!" ብሎ ኬላው አጠገብ ወደቆመው ሰሌዳ ወሰደኝ። "ሁሉም ነገር" የሚለው ቀርቷል፤ "ወደ ጦር ግንባር" የሚለውን ዝናብ አጥቦታል። አለቃ ሊመጣ ነው፣ ይህ ጽሑፍ ሳይታደስ በመቅረቱ ማታ ብዙ ሰው ተቀጥቷል አለኝ።

የደረቀ ቀይ ቀለም ነበራቸው፤ በላምባ አቀጠንኩት። ታፔላ ጸሐፊ ከፍታ ላይ እንደሚያደርገው የግራ እጄን ጨብጬ ሰሌዳው ላይ ተከልኩና ቀኙን በእሱ ላይ አስደገፍኩ። ከመንገዱ ማዶ ከአውቶቡስ የወረዱ ወጣቶች እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው መሬት ተቀምጠዋል። የምጽፈውን እያነበቡ ነበር። ዞሬ ላለማየት እያንዳንዱን ፊደል ሁለቴ ደገምኩበት።

"ሰፈርህ የት ነው?" አለኝ ወታደሩ ከኋላዬ።

"ፍቼ።"

"ውሸታም። አነጋገርህ የአዲስ አበባ ነው። እኔ የሾላ ልጅ ነኝ።"

ብሩሹ ቆመ።

"ጻፍ፣ ጻፍ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚህ ከቆምኩ ጀምሮ ወደ ሰሜን ስንት መኪና አሳለፍኩ። የባለሥልጣን ልጅ የጫነ አላጋጠመኝም። ባለሥልጣኑ ራሱስ ይመጣል፤ ንግግር አድርጎ ሳይመሽ ይመለሳል።" ሰሌዳውን ራቅ ብሎ አየው። "ፊደልህ ያምራል። በል ጨርስና ከዓይኔ ጥፋ።"

ከዓባይ ድልድይ ማዶ ጋሽ ወንድሙ መኪናውን አቁሞ ወረደና መንገድ ዳር አስታወከ። ከእኔ በላይ ፈርቶ ኖሯል።

ከመተማ ወዲያ ያለውን መጻፍ አልችልበትም። ሌሊት መሄድ፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር መተኛት፣ ድንበር የሚያሻግረን ደላላ "ደርሰናል" እያለ አለመድረስ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስገባ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ስሜን መናገር ያቅተኝ ነበር።

አሁን ያለሁት ካርቱም ነው። ሐምሌ ሲመጣ በኮተቤ ጉም መስኮት ድረስ ይመጣል፤ እዚህ መስኮት ድረስ የሚመጣው አቧራ ነው፣ ስሙም ሀቡብ ይባላል። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ መልኩ የእንጀራ፣ ጠባዩ የወረቀት። ሰዎቹ ግን እኛ "እንብላ" እንደምንለው "ተፈደል" ይላሉ፣ የእውነታቸውን ነው የሚሉት። የማላውቀው ሰው ሳህን ላይ እጄን የሰደድኩት እዚህ ነው።

የስደተኞች ቢሮ ሹሙ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ለምን ወጣህ?"

"በሌላ ሰው ልጅ ፈንታ ጦር ሜዳ ሊሰጡኝ ነበር።"

"በማን ልጅ?"

"በቀበሌያችን ሊቀ መንበር ልጅ።"

"ሊቀ መንበሩ ጦርነቱን ይደግፋል?"

"በጣም። መፈክሩን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ።"

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "እሱ ይደግፋል፣ ጸሐፊው ግን አንተ። ልጁ የእሱ፣ ዘማቹ ግን አንተ። ይህ ሰውዬ በገዛ እጁ የሚሠራው ነገር የለም?"

አስተርጓሚው፣ የእኛው አገር ሰው፣ በአማርኛ "አትሳቅ፣ ከሳቅህ ያባርርሃል" አለኝ። አልሳቅሁም። ሹሙ የስደተኛ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ያከራየኝ ዓም ኡስማን የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ዓም እንደ እኛ ጋሽ ነው። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ በደቡብ ያለውን የራሳቸውን ጦርነት ይሰማል።

"የእናንተ አገር ትልልቅ ሰዎች ልጆቻቸው ይዋጋሉ?" አለኝ በተሰባበረ አረብኛዬ ልክ ቀስ እያለ።

"አላየሁም።"

"እኛም የእኛዎቹን አላየንም። ምናልባት ለብቻቸው የሚዋጉበት ሜዳ ይኖራቸው ይሆናል። ጥላ ያለው። ለንደን አጠገብ።" ብቻውን ሳቀና ሬዲዮውን ዘጋው።

የጭነት መኪና ደጅ ሲቆም ግን አሁንም ከአልጋዬ እወርዳለሁ። የአትክልት መኪና መሆኑን ባውቅም እወርዳለሁ።

ባለፈው ወር ወደ አገር ቤት ደወልኩ። እናቴ ስልክ የላትም። ሰፈሩ የሚጠቀመው በኮተቤ መንገድ ዳር ባለው በጋሽ ሸምሱ ሱቅ ስልክ ነው። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ አንድ ልጅ አለው፣ ከድር፣ እኩያዬ። የሱቁን ታፔላ ስጽፍ መሰላሉን የያዘልኝ እሱ ነው።

"ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ ነኝ።"

"ስም እንዳትጠራ። አውቄሃለሁ። አልሐምዱሊላህ። ቆይ፣ እናትህን ላስጠራት" አለኝ።

እናቴ እየሮጠች ኖሮ ትንፋሿ ቀድሟት ደረሰ። ድምፅህ ቀጠነ አለችኝ፤ የአንቺም አልኳት። ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ ልጠይቅ የፈራሁትን ጠየቅኋት።

"ያን ጠዋት እኔን ሲያጡ ማንን ሰጡ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"እማዬ? ተቋረጠ?"

"አልተቋረጠም።" ድምፅዋን በጣም ዝቅ አደረገች። "ሱቁን ብቻውን ነው የያዘው። ከድር ለስኳር ኮታ ጉዳይ ቀበሌ እንደሄደ ቀረ። ያን ዕለት ጠዋት ነው።"

ከኋላዋ ጋሽ ሸምሱ ለሰው ስኳር ሲመዝን፣ የሚዛኑ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።

"ሊቀ መንበሩስ?"

"መጥቶ ነበር ሊያጽናና። እዚሁ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የእውነቱን ነው፣ እንባውን አይቻለሁ። በኋላ ልጁ ምሳ ደርሷል ብሎ መጥቶ ጠራውና ሄደ።"

"ጋሽ ሸምሱ ያውቃል? በማን ፈንታ እንደተወሰደ?"

"አላውቅም ልጄ። እሱም አላለኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። በየቀኑ ነው የምንተያየው።"

ስልኩን ጋሽ ሸምሱ ተቀበላት።

"ልጄ፣ ጤና ሁን። ብርድ አለ እንዴ እዚያ? የለም? ጥሩ። ከድር እስካሁን ደብዳቤ አልላከም፤ ያሉበት ፖስታ አይደርስም ይላሉ። አንተ ግን ደውል። ያንተን ዕድሜ ልጅ ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል።"

"እሺ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ስልክ ቤቱ ሄጄ ተሰልፌ አውቃለሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ግን እመለሳለሁ። ስልኩ ሲጮህ ጋሽ ሸምሱ የስኳሩን ማንኪያ ጥሎ የሚሮጠው፣ "ሀሎ" ሲልም የሚጠብቀው የማንን ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ።