የሙዘይን ማስረጃ

ሙዘይን ከመዝመቱ በፊት ዊንጌት ትምህርት ቤት አጠገብ፣ በአባቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከኦጋዴን ሲመለስ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። በአንድ እግር የስፌት መኪናውን ሊረግጥ ሞከረ። ሚዛኑን ስቶ ከወንበሩ ሲወድቅ ባለቤቱ ረሂማ አነሣችው፤ መኪናውንም በጨርቅ ሸፈነችው።

ለጦር ጉዳተኞች አበል እንደሚሰጥ የሰማው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በክራንች እየተደገፈ ማመልከቻ ወደሚቀበለው ቢሮ ሄደ። አቶ ወልዱ የሚባሉ ሽማግሌ ጸሐፊ አስቀምጠው አነጋገሩት።

«ልጄ፣ እግርህ መቆረጡን ሐኪሞች ያረጋግጣሉ። ደንቡ የሚጠይቀው በግዳጅ ላይ መቆረጡን ነው። ወረቀት አለህ?»

«ከጦሩ መኪና ጋር ተቃጠለ። ያከሙኝ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሐኪሞቹም ተበትነዋል።»

«አዛዥህስ?»

«እዚያው ቀረ።»

አቶ ወልዱ ፎርሙን አገላበጡ። «እንግዲያው በጊዜው የተጻፈ ነገር ፈልግ። ቀን ያለበት፣ ስምህና ጉዳትህ የተጠቀሰበት። ከግንባር የተላከ ደብዳቤም ቢሆን ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የት እንዳለ ሙዘይን ያውቃል። ስብሐት የሚባል የቁስቋም ሰፈር ልጅ አብሮት በፈንጂ ተመትቶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተኝቶ ለእናቱ ሲጽፍ፣ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበለት፦ «እኔን ትንሽ ጫረኝ እንጂ ደህና ነኝ። የዊንጌቱ ልብስ ሰፊ ሙዘይን ግን እግሩ ተቆረጠ፤ ጸልዪለት።» ስብሐት የተመታው ሆዱን ነበር። በአራተኛው ቀን የሙዘይንን እጅ እንደያዘ ሞተ።

ለእናቱ መርዶ የነገረ የለም። ሙዘይንም ፈርቶ ቁስቋምን ሲሸሽ ከርሟል።

ይህን ሁሉ ለረሂማ ነገራት። «አበሉ ቢቀር ይቅር» አለችው። «እሳቸው ግን የሞተ ልጅ እየጠበቁ መኖር የለባቸውም።»

በማግስቱ የቁስቋምን ዳገት አብራው ወጣች። የስብሐት እናት እማማ የሺሀረግ ከእንጦጦ ያወረዱትን የማገዶ ቅጠል ሸክም ደጃፋቸው ላይ እየፈቱ ነበር። ስሙን ሲነግራቸው ክንዱን አጥብቀው ያዙት።

«ሙዘይን! ልጄ አደራ ብሎኝ ስንቴ ጸለይኩልህ! እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ሥራ በዝቶበት ነው አይደል?»

«እማማ፣ ስብሐት ክፉኛ ነበር የቆሰለው። እንዳይጨነቁ ብሎ ነው እንደዚያ የጻፈልዎት። ከዚያ አልጋ አልተነሣም።»

«መቼ?»

«ጥር ሃያ ስምንት። አጠገቡ ነበርኩ።»

«እኔ ለፋሲካ ይመጣል ብዬ...» ቃላቸውን አልጨረሱም። ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደረሰ።

ሙዘይን የደብዳቤውን ነገር አላነሣም። ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል እማማ የሺሀረግ ወደ እሱ ዞሩ።

«ዓመት ሙሉ ያልመጣህ፣ አሁን ምን አመጣህ?»

ስለ አበሉም ስለ ደብዳቤውም ነገራቸው።

«ወረቀቱ ባያስፈልግህ ኖሮ አትመጣም ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «አልመጣም ነበር፣ እማማ።»

 እማማ የሺሀረግ ተነሥተው ደብዳቤውን ከሣጥናቸው አወጡ። «ፊደል አላውቅም፤ በቃሌ ግን ይዤዋለሁ። ውሰደው። ሲጨርሱ መልስልኝ።»

ኮሚቴው ደብዳቤውን ተቀበለ፤ ሐኪሞችም ሙዘይንን መረመሩት። ከሰባት ወር በኋላ አበሉ ተፈቀደለት። ደብዳቤውን ሊወስድ ሲሄድ አቶ ወልዱ ጠየቁት፦ «ይህን የጻፈው ልጅ እናት አመልክተዋል? ለሟች ቤተሰብም እኮ ይሰጣል።»

አላመለከቱም። ሙዘይን ማመልከቻውን ጻፈላቸው፤ ምስክር ሆኖም ቃሉን ሰጠ። የእሳቸው ጉዳይ ግን ጠና። መዝገቡ ላይ ስብሐት «የት እንዳለ ያልታወቀ» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ አንድ ምስክር አይበቃም ተባለ። ሙዘይን በየወሩ እሳቸውን ይዞ ይሄድ ነበር። እሱ በክራንቹ፣ እሳቸው በጎበጠ ወገባቸው፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ።

ሌላ ምስክር ባይገኝም፣ ኮሚቴው የሙዘይንን ቃል ተቀብሎ አበሉን የፈቀደበት ውሳኔ በሦስተኛው ዓመት ወጣ። ሙዘይን ቢሮው ደረጃ ላይ ቆሞ አነበበላቸው። «ሟች ስብሐት» የሚለው ላይ ሲደርስ እማማ የሺሀረግ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«እንግዲህ መንግሥትም አመነ» አሉ።