እህቴን ያስገደፍኳት ጾም

ታናሽ እህቴን እናታችንን አሳምኜ ከጎጃም ወደ አሶሳ ያመጣኋት እኔ ነኝ። እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አንድ ቤት እንኖር ነበር። የሷን ነገር ከሷ በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቷ ፊቷ መጥቆር ጀመረ፤ አመድ አመድ የሚል ጥቁረት። ማን ልብ ይላል? ደገኛ ሁሉ እዚህ ሲመጣ ይጠቁራል። «ፀሐዩ ለመደሽ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። «የጣቶቼ መጋጠሚያ አሞኛል፣ ልብስ ማጠብ አቃተኝ» ስትለኝ ስንፍና መሰለኝ። ትንሽ ተራምዳ ልቧ ሲመታባት ደግሞ ወባ ነው ብዬ አስመረመርኳት፤ አልተገኘባትም።

ከዚያ የወር አበባዋ መቅረቱን ደረስኩበት። አራት ወር ሙሉ ደብቃኛለች። በሩን ዘግቼ «ከማን ነው?» አልኳት። አለቀሰች። ሽንቷ ተመርምሮ እርግዝና እንደሌለ ሲነገረኝ አፈርኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም። ይልቅ ሌላ ጥበብ አመጣሁ። ደም ቢኖራት መቼ ይቀርባት ነበር? አንሷት ነው እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ፣ ለነፍሰ ጡሮች የሚታዘዘውን የብረት ኪኒን ገዛሁላት። ደሟን ማንም አልለካም።

ሁዳዴ ገባ። እህቴ በጾም ቀልድ አታውቅም። የነፍስ አባታችንን ቤት ድረስ ጠርቼ «የታመመ አይጾምም» አስባልኩባት። በሁዳዴ የክርስቲያን ልኳንዳ ዝግ ነው፤ ከወለጋ የመጡት ጎረቤታችን ግን ፕሮቴስታንት ናቸውና ቅርጫ ሲገቡ ጉበቱን ይልኩልኝ ነበር። አጠገቧ ቆሜ አበላታለሁ።

«እታለም፣ ተይኝ። እየባሰብኝ ነው» አለችኝ አንድ ቀን።

«ብዪ» አልኳት።

ከፋሲካ በኋላ እግሯ አበጠ፣ መተኛት እንኳ አቃታት። በወለጋ በኩል ያለው መንገድ አያስተማምንም ነበርና በአውሮፕላን አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደሟን ደጋግመው አስመረመሩ።

«ደም አላነሳትም» አሉ በመጨረሻ። «በዘር የሚወረስ በሽታ ነው። ሰውነቷ ብረት ያጠራቅማል፤ ጉበቷንና ልቧን ጎድቶታል። የቆዳዋ መጥቆር፣ የጣቶቿ ሕመም፣ የወር አበባዋ መቅረት፣ ሁሉም ከዚሁ ነው። ቀድሞ ቢታወቅ ደም እየቀዳን እንቀንስላት ነበር።» ቀጥለው «የብረት ኪኒን ስትወስድ ነበር አሉ። ማነው የሰጣት?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። 

እህቴ ከአልጋዋ ላይ «ራሴ ነኝ የገዛሁት» አለች።

ዋሽታ አታውቅም ነበር። እኔም ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላት።

ሦስት ሳምንት አልቆየችም። ለቅሶው በረድ ሲል ሐኪሟ ያሉትን ለእናታችን ነገርኳት። አቀርቅራ ስትሰማኝ ቆየችና «ያንን ኪኒን ማን ሰጣት?» አለችኝ።

«ራሷ ናት የገዛችው» አልኳት።